በስሜ ሊገዛ የነበረው ጀልባ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት በጀልባ መሸጫው ግቢ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። የሟቹ ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ግርማ፣ ጀፕ በሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር ምግብ ቤት ያለው፣ ከጀልባው አፍንጫ ፊት ለፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ልጄ ኤርምያስ በጀልባው ጎን፣ ከተሳቢው ጎማ አጠገብ ነበር። የኤርምያስ ሸሪክ ታምራት ከኋላ ሆኖ የሞተሩን መዘውር በጣቱ ይገፋል። እሱ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ሎኬሽን በምንለው የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለችው። ያን የሚባለው ሻጭ፣ ፀሐይ ፊቱን ያቀላው ጎልማሳ ነጭ፣ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አሳርፎ ያስረዳል። እኔ ከሁሉም ራቅ ብዬ በቢሮው ቆርቆሮ ጥላ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጫለሁ። ቦታዬን የመረጠልኝ ግርማ ነው። «እትዬ አስካለ፣ እርስዎ እዚህ አረፍ ይበሉ፤ አይድከሙ» አለኝ። ከዚያ ሆኜ ሁሉንም እሰማ ነበር። እንደምሰማ የረሱት እነሱ ናቸው።

በዚያ ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ በአጭሩ ልናገር። አዲስ አበባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። ባለቤቴ የሒሳብ መምህር ነበር። እዚህ አገር ተቀጥሮ ሲመጣ ተከትዬው መጣሁ፤ በእሱ ሥራ የተነሣም የቋሚ ነዋሪነት ወረቀት አገኘን። አገር ቤት ከአያቱ ጋር የቀረው ኤርምያስ ካደገ በኋላ በራሱ መንገድ መጣ። ግርማም እንዲሁ። የሁለቱም ወረቀት በየጊዜው እየተሰለፉ የሚያሳድሱት፣ አሳይለም የሚሉት የስደተኛ ወረቀት ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ሮዘተንቪል ሰፈር ባለችው ትንሽ ቤታችን ብቻዬን እኖራለሁ። ብዙ አልናገርም። ይህ ጠባዬ ነው፤ ሰው ግን እንደ ስምምነት ይቆጥረዋል።

በእኛ ሰው ዘንድ ወረቀት ያለው ለሌለው ስሙን ያውሳል። የኤርምያስ ሱቅ ኪራይ በስሜ ነው። ባኪ የሚሏት የጭነት መኪናውም በስሜ ናት። የግርማ ምግብ ቤት መብራት የሚመጣው በእኔ ስም ነው። ስሜ ጆሃንስበርግን ከእኔ በላይ ያውቃታል። ይህን ሁሉ ያደረግሁት እየተጠየቅሁ ነበር። የሱቅ ኪራይ ሰው አይገድልም።

የጀልባውን ነገር የሰማሁት ግን በዚያው ጠዋት፣ ኤርምያስ ከቤቴ ሲወስደኝ፣ መኪና ውስጥ ነው።

«እማዬ፣ መታወቂያሽን ይዘሻል?»

«ከቦርሳዬ መቼ ይወጣል? ለምን ፈለግኸው?»

«ጀልባ ልንገዛ ነው። ጋሼ ግርማ ነግሮሽ የለም እንዴ?»

ግርማ ከፊት ወንበር ሆኖ ወደ ኋላ ሳይዞር «እንዲመርቁን ነው የምንወስድዎት እትዬ። የእናት ምርቃት የሌለው ሥራ አይቀናም» አለ።

ምርቃትና መታወቂያ አንድ ላይ የተጠየቅሁት በሕይወቴ በዚያ ዕለት ብቻ ነው።

ሐሳቡ የግርማ ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናት እተዋለሁ፤ በጀፕ ምግብ ቤቶች ግን በጾም ወራት ዓሣ የሚጠይቅ ብዙ ነው። ግርማ በረዶ የሆነ ዓሣ መግዛት ሰለቸው። ከደርባን በታች ባሕሩ ዳር አንድ ቤት ተከራይቶ፣ ኤርምያስንና ታምራትን እዚያ አስቀምጦ፣ ፈቃዱን አውጥቶ የራሱን ዓሣ ሊያስጠምድ አሰበ። በበዓል ቀን ደግሞ የሐበሻ ማኅበራችንን ሰዎች እያሳፈሩ ባሕር ማሳየት ይቻላል አለ። ደጋ ላይ ያደግን ሰዎች ነን። ከመካከላችን ባሕር ላይ የሠራ አንድም አልነበረም። ይህ ነውር አይደለም፤ የማያውቁትን መጠየቅ ይቻላል። ሻጩ ያን ደግሞ ሳይሰስት ይመልስ ነበር።

መጀመሪያ ያሳየን ክፍት ጀልባ ነው፤ መሪው መሐል ላይ ቆሟል፣ መጠለያ የለውም። ከነፋስና ከዝናብ የሚሸሸግበት ስለሌለው ተውት። ሁለተኛው ፊቱ በሙሉ ክፍል የሆነ ነበር፤ አልጋ፣ ሽንት ቤት፣ የእጅ መታጠቢያ አለው። ግርማ ገና ሲያየው ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ይሄ ነው ጀልባ! ቤት ነው እኮ!»

«ጋሼ፣ አልጋው ለዓሣው ነው?» አለ ታምራት።

«አንተ እዚያው ስፓዛህ ውስጥ ስኳርህን ሽጥ።»

ሻጩ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና ወደ ፊተኛው ጫፍ አመለከተ። መልሕቁ ያለው እዚያ ነው። ወደዚያ ለመድረስ በክፍሉ ጣሪያ ላይ መውጣት ያስፈልጋል፤ ጣሪያው ደግሞ እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል። «ሐይቅ ላይ ምንም አይደል። ባሕር ላይ ሲናወጥ ግን ሰው የምናጣው እዚያ ነው» አለ።

ሦስተኛው ዎክአራውንድ የሚሉት፣ ዙሪያውን በእግር የሚኬድበት ነበር። ርዝመቱ መካከለኛ ነው፤ ባኪዋ ትጎትተዋለች። ፊቱ ላይ ሁለት ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ጠባብ ክፍል አለው፤ ከክፍሉ ግራና ቀኝ ደግሞ ከኋላ እስከ አፍንጫው የሚወስድ መተላለፊያ አለ። ሻጩ መሰላሉን ወጥቶ በአንዱ በኩል ሄዶ በሌላው ተመለሰ። ትልቅ ዓሣ ሲያዝ ጀልባውን እንደሚዞር፣ የማጥመጃ ዘንጉን የያዘውም አብሮት መዞር እንዳለበት ተናገረ። ጠርዙ ጭኑ ድረስ ይመጣል። «ከጉልበት በታች የሆነ ጠርዝ ሰውን ጠልፎ ነው የሚጥለው» አለና ጭኑን አስደግፎ አሳየን። ሞተሩም ሁለት ነበር። በዚያ ባሕር ዳር ወደብ በሌለበት ከአሸዋው ተነሥቶ በሚሰበረው ማዕበል መካከል ነው የሚወጣው፤ አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሌላው ወደ ዳር ይመልሳል።

በልቤ ይሄ ነው አልኩ። ኤርምያስም «ይሄ ጥሩ ነው» አለ። ግርማ ግን መተላለፊያውን በስንዝር ይለካ ነበር።

«ስንት ሰው ይይዛል?» ሲል በእንግሊዝኛ ጠየቀ።

ሻጩ ከመሪው አጠገብ የተለጠፈችውን ትንሽ ሳህን አሳየው። «ሰባት። ከዕቃቸው ጋር።»

ግርማ ወደ ኤርምያስ ዞሮ በአማርኛ «አሥራ ሁለት ይጭናል» አለ።

«ሰባት ነው የሚለው ጋሼ።»

«ታክሲም ላይ ይጻፋል። አዲስ አበባ ትርፍ ሳይጭን የሄደ ታክሲ አይተህ ታውቃለህ? ይኸው፣ ይሄ ባዶ ቦታ ነው። በዚህ በኩል ታጣፊ ወንበር፣ በዚያ በኩል ታጣፊ ወንበር። ከኋላ ደግሞ ፍሪዘሩ።»

«የጀልባ ፈቃድ መርማሪው አያሳልፈንም።»

«መርማሪው ካሳለፈ በኋላ ነዋ የምንገጥመው! ዱርንፎንቴን ያለው ብየዳ ቤት አንድ ቀን አይፈጅበትም። ልጅ ነህ እንዴ?»

ይህን ሁሉ የተናገረው እኔ በተቀመጥሁበት ነው። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም።

ፍሪዘር የሚለውን ቃል ሰምቶና የግርማን የእጅ አኳኋን አይቶ ይመስለኛል፣ የሻጩ ፊት ተለወጠ። መተላለፊያው ላይ ምንም ነገር ቢታሰር ጀልባው ዎክአራውንድ መሆኑ እንደሚቀር፣ ክብደቱም ወደ ጎን እንደሚያጋድለው ተናገረ። ከዚያ እኔ ወዳለሁበት መጣና ጎንበስ አለ።

«ማማ፣ በስምሽ ነው የሚገዛው ብለውኛል። ማን እንደሚሳፈርበት፣ ስንት ሰው እንደሚሳፈርበት የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። አንድ ነገር ቢደርስ መጀመሪያ የሚፈለገው ባለቤቱ ነው። ይህን አስረድተውሻል?»

አፌን ልከፍት ስል ግርማ ከኋላው ደረሰ።

«ደስተኛ ናት» አለው። «እናታችን ናት። ደስተኛ ናት።»

ሰባ ዓመት አልፎኛል። ከዚያ በፊትም ስለ እኔ ሌላ ሰው መልሶ ያውቃል፤ ባንክ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ቤተ ዘመድ ጉባኤ ላይ። በዚያ ቀን ግን ግርማ የመለሰልኝ ስለ ኪራይ ወይም ስለ መብራት አልነበረም። ልጄ ባሕር ላይ የሚወጣበትን ዕቃ ባለቤት አድርጎኝ፣ ዕቃውን ያበላሸዋል፣ ሲጠየቅም ደስተኛ ናት ይላል። ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ታምራት» አልኩ፤ «ዋና ትችላለህ?»

«እኔ?» ሳቀ። «አይ ጎጎ!» ሎኬሽን ውስጥ ደንበኞቹ አያታቸውን የሚጠሩት እንደዚያ ነው፤ እሱም እኔን ለማሳቅ ይለኛል። «ሆሳዕና ምን ባሕር አለና ነው? ባልዲ ውስጥ ካልሆነ።»

«ኤርምያስስ?»

ኤርምያስ መሬት አየ። እንደማይችል አውቃለሁ፤ የወለድሁት እኔ ነኝ።

«የመንሳፈፊያ ጃኬት እንገዛላቸዋለን እትዬ» አለ ግርማ።

«ግርማ፣ አንተ ትሳፈራለህ?»

«እኔማ ምግብ ቤቱን ለማን ትቼ?»

መሰላሉን ያዝሁ። ሻጩ ሮጦ ደገፈኝ። ኤርምያስ «እማዬ፣ ኧረ ተይ! ልትወድቂ ነው» ይላል። ወጣሁ። ጀልባው ተሳቢ ላይ ስለሆነ ከፍ ያለ ነው፤ ከሥሩ ሲሚንቶ ነው። በመተላለፊያው ጠርዙን በአንድ እጅ፣ የክፍሉን ጣሪያ በሌላ እጅ ይዤ እስከ አፍንጫው ሄድሁና በሌላው በኩል ተመለስሁ። ጉልበቴ እንደምታውቁት የአሮጊት ጉልበት ነው፤ ግን አልፈራሁም። በደንብ የተሠራ ጀልባ ነበር። ሠሪው ያንን ቦታ ባዶ የተወው ቦታ ተርፎት እንዳልሆነ በእግር ሲሄዱበት ይታወቃል።

«ያን» አልኩ በእንግሊዝኛ፤ «ሁለት ሣጥን ስጠን።»

የመጠጥ ሣጥኖች አቀበለን። ሁሉንም ወደ ላይ ጠራኋቸው። ግርማን በግራው መተላለፊያ ሣጥን ላይ አስቀመጥሁት፤ ታምራትን በቀኙ። ኤርምያስን ከፊት፣ ከመልሕቁ ዘንድ አቆምሁት። እኔ ከመሪው ጋር ቆምሁ።

«ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» አለ ግርማ። እየሳቀ ነው የተቀመጠው።

«ታጣፊ ወንበራችሁ ይኸው» አልኩ። «ኤርምያስ፣ ሞተሩ ጠፍቷል። ወደዚህ ና።»

ኤርምያስ በአጎቱ በኩል መጣ። የግርማ ጉልበት ክፍሉን፣ ጀርባው ጠርዙን ነክቷል፤ ሰውነቱም እንደምግብ ቤት ባለቤት ሰውነት ነው። ማለፊያ የለም። ኤርምያስ በጉልበቱ ላይ ሊራመድ ሞከረ፤ ግርማ «ጫማህን! ሱሪዬን!» አለ። ስለዚህ ልጄ አንድ እግሩን ጠርዙ ላይ አወጣ። ከዚያ ሁለተኛውን። የያዘው የግርማን ትከሻ ብቻ ነው። ግርማ ደግሞ ሊያሳልፈው ብሎ ጎንበስ አለ።

ትከሻው ከሥሩ ሲሸሽበት ኤርምያስ ወደ ውጭ አዘነበለ። የግርማን ኮሌታ በሁለት እጁ ያዘ፤ ግርማም አብሮት ተጎተተና ጀርባው ጠርዙ ላይ ተለጠጠ። «ልቀቀኝ!» ይላል፤ ልጄ ደግሞ የት ይልቀቅ? ታምራት ከቀኝ በኩል ዘሎ ተነሣ፤ ግን መሐላቸው ክፍሉ አለ፣ ጣሪያው ላይ ሊወጣ ሲል ተንሸራተተ። እኔ እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረሰም። ቁልቁል የተንጠለጠለውን እግር ከታች ሆኖ ይዞ በትከሻው ወደ ላይ የገፋው ሻጩ ነው።

ኤርምያስ መተላለፊያው ላይ ተቀምጦ ይተነፍሳል። የግርማ ሸሚዝ እስከ ሁለተኛው ቁልፍ ተቀድዷል።

መጀመሪያ የተናገረው ግርማ ነው። ምን አለ ብትሉኝ፣ «ታጣፊ ነው ብዬ የለም እንዴ? ሰው ሲመጣ ተነሥቶ ማጠፍ ነው» አለ።

«ማዕበል መሐል ማን ነው የሚነሣው?» አልኩት።

«እትዬ፣ ሁሉን ነገር በክፉ አይመልከቱት። አዋሳ ሐይቅ ላይ ሃያ ሰው ጭነው ሲሄዱ አይቻለሁ።»

«እሱ ሐይቅ ነው እንጂ ባሕር አይደለም ጋሼ» አለ ታምራት ከጣሪያው ማዶ። በዚህ ጊዜ አልቀለደም።

ወርደን ቢሮ ገባን። ሁሉም ነገር ያበቃ መስሎኝ ነበር። እኔ የተቆጣሁት ከመሰላሉ በላይ ሳለሁ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ነው። ምክንያቱም ግርማ የተቀደደ ሸሚዙን በጃኬቱ ሸፍኖ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመና፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ የሻጩን እስክርቢቶ ወደ እኔ አደረገው። መታወቂያዬን ሻጩ ሊያየው ጠይቆኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ነበር።

«በሉ እትዬ። ይመርቁንና ይፈርሙ።»

«ወንበሩስ?»

«የወንበሩን ነገር እኛ እንጨርሳለን። የወንዶች ሥራ ነው።»

«ወንዶቹ እነማን ናቸው? የሚሳፈሩት ሁለቱ ናቸው። አንተ አትሳፈርም።»

«ለሰው ቃል ገብቼአለሁ! የማኅበሩ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ለበዓል ባሕር ላይ ነን ብያለሁ። አሁን ምን ልበላቸው?»

«ሰባት ሰው ብቻ ይይዛል በላቸው።»

«ወንድሜ ቢኖር ኖሮ እንደዚህ አያደርገኝም ነበር።»

«ወንድምህ የሒሳብ መምህር ነበር። አሥራ ሁለት ከሰባት እንደሚበልጥ ያውቅ ነበር።»

ታምራት አፉን በእጁ ያዘ። ኤርምያስ ግን አልሳቀም። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በዝቅተኛ ድምፅ «እማዬ፣ እባክሽ። በፈረንጅ ፊት አታዋርጂኝ። ፈርሚና ቤት እንነጋገር» አለኝ።

ይህን ያለኝ ከጥቂት ደቂቃ በፊት በአየር ላይ የተንጠለጠለው ልጄ ነው። አጎቱን ይፈራል፤ ሲሚንቶውን ከሚፈራው ይልቅ አጎቱን ይፈራል። ይህን ሳይ ንዴቴ ቀዘቀዘና ጠነከረ።

«አልፈርምም» አልኩ። በአማርኛ አልኩት፤ ሻጩም እንዲሰማ በእንግሊዝኛ ደገምሁት። «አልመርቅምም።»

ግርማ መፈረሙን አይደለም የያዘው። «አይመርቁም?» አለ። «ለገዛ ልጅዎ?»

«ለልጄ ብዬ ነው የማልመርቀው ግርማ። ጀልባውን እመርቃለሁ፣ እንደ ተሠራ ከሆነ። በስሜም ይሁን። ወንበር እንደማትገጥሙበት እዚሁ፣ በልጄ ፊት ንገረኝ።»

ጠበቅሁት። ሁላችንም ጠበቅነው። ታምራት «በል ጋሼ፣ በላቸው» አለው። አንድ ቃል ነበር፤ ዋሽቶ እንኳ ሊለው ይችል ነበር። ግርማ መስኮቱን አየና «እኔ በሴት አልታዘዝም» አለ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ በዕድሜ የገፋችሁና ወረቀታችሁ የሞላላችሁ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። ስም ማዋስ ደግነት ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ አውሳለሁ። የኤርምያስ ሱቅ አሁንም በስሜ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በስሜ የሚሆነውን ሁሉ ሄጄ አያለሁ። የምግብ ቤቱን የመብራት ሽቦ አይቼ እንዲታደስ ጠይቄ፣ ስላልታደሰ ስሜን አወጣሁ። ጠማማ ብለውኛል። የግርማ ባለቤት ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ አታየኝም። ይሁን።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ግርማ ሌላ አሮጊት አገኘ። እዚሁ ሮዘተንቪል፣ ከቤቴ ብዙ የማትርቅ፣ እንደኔ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ጀልባው በእሷ ስም ተገዛ፤ ወንበሩም ተገጠመ፤ ሌሎች ልጆች ተቀጠሩበት። ሄጄ ነገርኋት። ሰባት እንደሚይዝ፣ የምትጠየቀው እሷ እንደሆነች፣ ልጄ እንዴት እንደተንጠለጠለ ነገርኋት። «ታዲያ ልጆቼ እኮ ናቸው፤ እንዴት እምቢ እላለሁ?» አለችኝ። ጀልባውን አይታው አታውቅም። ታምራት ወደ ስፓዛው ተመልሷል። ኤርምያስ ለብዙ ጊዜ አልደወለልኝም፤ በኋላ መጣ። ባሕር ዳር አልሄደም። ለምን እንደቀረ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ግን በበዓል ቀን የማኅበሩ ሰዎች ወደዚያ ሲወርዱ እያንዳንዱ የአንዲት እናት ልጅ መሆኑን አስባለሁ፤ ያቺ ሴትም ቤቷ ተቀምጣ በስሟ ምን እየሆነ እንዳለ እንደማታውቅ አስባለሁ። እናንተስ በስማችሁ የሚሄደውን አይታችሁታል?

በዚያ ቅዳሜ ግን ግርማ «በሴት አልታዘዝም» ካለ በኋላ ቢሮው ውስጥ የሚባል ነገር አልቀረም። ኤርምያስን አየሁት፤ እንዲናገር ጊዜ ሰጠሁት። አጎቱን ተመለከተ፣ ከዚያ ጫማውን። ሻጩ እስክርቢቶውን ወደ ኪሱ መለሰ።

መታወቂያዬን ከጠረጴዛው አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁ። ታምራት በሩን ከፈተልኝ። በጀልባዎቹ መካከል አልፌ፣ ከበሩ ወጥቼ፣ ታክሲ ወደሚያልፍበት ትልቁ መንገድ ሄድሁ።